ከልስኑ በፊት

የመጠቀሚያ ፈቃድ ፈልጎ የሚመጣ ባለቤት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «መቼ ነው የምንገባው?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «መሠረቱ ሲቆፈር ማን ቆሞ ነበር?» እላለሁ። ጥያቄዬ ግራ ያጋባዋል። ቤቱ አልቋል፤ ቀለሙ ደርቋል፤ ለመጋረጃ መስኮቱ እየተለካ ነው። ጉድጓዱ ከተደፈነ ዓመት አልፎታል፤ አሁን ስለ እሱ ምን ያስጠይቃል? ያስጠይቃል እንጂ። ቤቱ ሰው ሊገባበት መብቃት አለመብቃቱን ከሚወስኑት ነገሮች ግማሹ ያኔ መሬት ውስጥ ቀርቷል፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ልስን ለብሷል። በመጨረሻው ቀን የሚመጣ ባለሙያ የሚያየው የተረፈውን ነው።

የግንባታ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነኝ። የምሠራውም በአብዛኛው በአቃቂ በሰቃና በዙሪያዋ፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው ሜዳ ላይ ነው። አቃቂ በሰቃ በአዲስ አበባ ከመዋጧ በፊት ራሷን የቻለች የፋብሪካና የባቡር ከተማ ነበረች። ከዚያ ዘመን የቀሩትን ቤቶች ልብ ብሎ ያየ ሰው የአካባቢውን አፈር ጠባይ ያለ ላቦራቶሪ ይማራል። የእንጨትና የጭቃ ቤት ከመሬቱ ጋር አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይቀመጣል። በክረምት አልዘጋ ያለ በር በበጋ ይቃናል። ግድግዳው ከተሰነጠቀም ጭድና ጭቃ ተቦክቶ ይመረግና ዓመት በዓሉን ተውቦ ይቀበላል። ብሎኬትና አርማታ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የላቸውም።

አፈሩ ዋልካ ነው፤ ሳይት ላይ ብላክ ኮተን ይሉታል። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በመጋቢት ሜዳውን ብታዩት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታገኙበታላችሁ፤ በነሐሴ ያው መሬት ጫማ ነክሶ አልለቅም ይላል። መሬቱ ሁሉ እኩል ቢነሳና እኩል ቢወርድ ቤቱም አብሮት ወጥቶ በወረደ፣ ጉዳት ባልኖረ ነበር። ችግሩ እኩል አለመሆኑ ላይ ነው። ከቤቱ ሥር መካከል ላይ ያለው አፈር እርጥበቱን እንደያዘ ይቆያል፤ በዳርና ዳር ያለው ግን ከዝናቡ ጋር ይሰፋል፣ ከፀሐዩ ጋር ይጠባል። አንዱ የቤት ጥግ ከአሸንዳ የሚወርደውን ውሃ እየጠጣ ሲያብጥ፣ ሌላው ጥግ አጠገቡ የቆመ ባሕር ዛፍ እርጥበቱን እየመጠጠበት ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ስንጥቁ ከመስኮት ጥግ ይጀምርና በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ላይ ደረጃ እየሠራ ይወርዳል። ልስን ሲደርቅ የሚያመጣው ስስ ስንጥቅ እንደ ሸረሪት ድር የተበታተነ ነው፤ ከመሠረት የመጣው ግን መነሻና አቅጣጫ አለው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ በእኔ ሙያ ፊደል እንደመቁጠር ነው።

ስለዚህ ስንጥቅ ሳይ ወዲያው አልፈርድም። ጫፉ የት እንደደረሰ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ቀኑን ግድግዳው ላይ እጽፋለሁ። አዲስ የተቀባ ግድግዳ ላይ ስጽፍ ባለቤቶቹ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ አንዳንዶቹ ዞር ስል በጨርቅ ያጠፉታል። ወር ቆይቼ ስመለስ ስንጥቁ ቀኑን አልፎ ከሄደ ሥራ አለ፤ እዚያው ከቆመ ተሞልቶ ይቀባል። ቢሆንልኝማ ማንኛውንም የዋልካ ላይ ቤት በሁለት ወቅት፣ አንዴ በግንቦት ዝናቡ ሳይጠና፣ አንዴ ደግሞ በመስከረም መሬቱ ጠግቦ ሳለ ባየው ደስ ይለኛል። የመጠቀሚያ ፈቃዱ ቅጽ ግን የሚጠይቀው አንድ ፊርማና አንድ ቀን ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ሙያውን የለመድኩት በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እና እሱን ተከትሎ በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 243 ሥር ነው። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ከፍሎ ነበር። ምድብ ሀ ባለ አንድ ወለል ሆኖ በተሸካሚ መዋቅሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ነበር። ምድብ ለ ከዚያ የሰፋው ወይም ፎቅ ያለው ነበር፤ በአንድ አልሚ በብዛት የሚሠሩ የሪል እስቴት ቤቶችም ባለ አንድ ወለል ቢሆኑም እዚህ ይገቡ ነበር። ምድብ ሐ ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ፣ ተቋም፣ ፋብሪካና ወርክሾፕ፣ እንዲሁም ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ማንኛውም ሕንፃ ነበር። ሳይመረመር ማንም እንዳይጠቀምበት፣ የመጠቀሚያ ፈቃድም እንዲወጣለት አዋጁ ያስገደደው ይህን የመጨረሻውን ምድብ ነበር። የሕንፃ ሹሙ፣ ማለትም ፈቃዱን የሚሰጠው የከተማው ባለሙያ፣ አይቶ ካልፈረመ በሩ አይከፈትም ነበር።

አከፋፈሉ ምክንያት ነበረው። አንድ ፎቅ ቢወድቅ ስንት ሰው ይሞታል፣ ባለ አንድ ወለል ቤት ቢወድቅስ? የከተማው ባለሙያ ቁጥሩ ውስን ነው፤ ሁሉም ደጅ መድረስ አይችልም። ይህን አልነቅፍም። በአቃቂ ሜዳ ላይ ግን ምድብ ሀ የሚባል አፈር አላየሁም። እንዲያውም ዋልካ በጣም የሚጫወተው በቀላል ቤት ላይ ነው፤ ባለ አምስት ፎቁ በክብደቱም በመሠረቱ ጥልቀትም ይቋቋመዋል፣ ባለ አንድ ወለሉን ግን ያነሳዋል። ፈቃድ የማይጠየቅበት የነበረው ቤት ይበልጥ ምርመራ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ በዚህ ነገር ተከራክረውኛል። ሦስት ክፍል ቤት ሠርተው ሊገቡ ነው፤ ልጃቸው ነው እኔን የጠራኝ። ግቢውን ዞሬ የመሠረቱን ፎቶግራፍ ስጠይቅ፣ «ልጄ፣ መንግሥት ያልጠየቀኝን አንተ ምን አስጠየቀህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ መንግሥት ቢተውዎት ዋልካው አይተውዎትም» አልኳቸው።

«እሱንማ ከአንተ በፊት አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ግንብ ዓይኔ እያየ ነው የተላቀቀው። ለዚህ ብዬ አይደል ግንበኛውን ጥቁሩን አውጥተህ ጣል ያልኩት!» አሉና በዋልካው ፈንታ ገረጋንቲ ያመጡትን የከባድ መኪናዎች ደረሰኝ ከመሶቡ ሥር አወጡ። ስንት ቢያጆ እንደተራገፈ፣ በየትኛው ቀን እንደተራገፈ ተጽፎበታል። ከብዙ አማካሪ ድርጅት ፋይል የተሻለ ማስረጃ ነበር። የጉድጓዱን ስፋት ለክቼ፣ ገረጋንቲው ሲጠቀጠቅ የሚቀንሰውን አስቤ ሳባዛው ወደ ሜትር ተኩል ጥልቀት መጣልኝ። ለሦስት ክፍል ቤት ጥሩ ነው።

እንግዲህ አንድ ቤት ዘንድ ስደርስ ምን አያለሁ? ባለቤቱ በሳሎኑ በር ሊያስገባኝ ይፈልጋል፤ ሴራሚኩን ሊያሳየኝ። እኔ በውጭ በኩል ነው የምጀምረው። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ የት እንደሚያርፍ፣ በቤቱ ዙሪያ ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ ወደ ውጭ አዘቅዝቆ እንደሆነ፣ ከንጣፉና ከግድግዳው መካከል ክፍተት እንዳለ አያለሁ። አሸንዳ የሌለው ወይም አሸንዳው ጥግ ላይ የሚፈስ ቤት አቃቂ ላይ አላለቀም እላለሁ፤ ውስጡ እብነ በረድ ቢሆንም። ከዚያ አጥሩንና ወሰኑን ከይዞታ ካርታው ጋር አስተያያለሁ። ቤቱ በፕላኑ ላይ ከተፈቀደው ግማሽ ሜትር ወደ ጎረቤት ከተጠጋ ያ ሁሉ የተደከመበት የፈቃድ ፋይል እዚያው ይቆማል። የአርማታ ጥራት ሊያከራክር ይችላል፤ ሜትር ግን አያከራክርም፤ አብዛኛው ፋይል የሚመለሰውም በዚህ ነው።

ውስጥ ስገባ በሩን ሁሉ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። በር የግድግዳ ምስክር ነው፤ የሚታከክበትን ቦታ አይቶ የትኛው ጥግ እንደወረደ መናገር ይቻላል። ኪሴ ውስጥ ብይ አለች፤ መታጠቢያ ቤትና በረንዳ ላይ እለቃታለሁ። ወደ ውሃ መውረጃው ካልሄደች ውሃውም አይሄድም። ለማንም ሳይት ፎርማን የማስረዳት ችግር የለብኝም፤ ብይዋ ራሷ ታስረዳዋለች። ታንከሩ ሞልቶ አድሮ ቧንቧዎቹ ሁሉ ተከፍተው ይታያሉ። የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ይከፈታል፤ የመሬት ሽቦው ተቀብሮ እንደሆነ ይለካል። ብዙ ቤት ውስጥ ሽቦው ግድግዳ ድረስ መጥቶ እዚያው ተቆርጦ ቀርቷል፤ ባለቤቱም ኤሌክትሪሺያኑም ይህን ነገር ጌጥ ነው ብለው ያስባሉ መሰል። ደረጃ ካለ እርከኖቹን እለካለሁ፤ አንዱ እርከን ከሌላው ሦስት ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በዓይንና በሜትር የሚገኝ ነው። ከባዱ የማይታየው ነው። ኮለኑ ውስጥ ስንት ፌሮ አለ? ፌሮዎቹን የሚያቅፈው ስታፋ በስንት ሴንቲ ሜትር ተራራቀ? ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል ወይስ ፌራዮው ቸኩሎ ቀጥ አድርጎ ትቶታል? አርማታው ሲፈስ ቫይብሬተር ነበር ወይስ በብረት ዘንግ ተወጋ? ካሳፎርማው ሲፈታ ጠጠሩ አግጥጦ ቀፎ የመሰለ ቦታ አልነበረም? ከነበረ ግንበኛው ሳይነገረው በሲሚንቶ ይደፍነዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ልስን ይመጣል። ከልስን በኋላ መዶሻ ይዞ ግድግዳ መታ መታ የሚያደርግ ተቆጣጣሪ ብታዩ፣ ሰውየው እውነቱን ለማወቅ መሞከሩ ነው፤ የሚያገኘው ግን ጥቂት ነው።

በፌሮው ዙሪያ ሊኖር የሚገባውን የአርማታ ሽፋን ብቻ እንውሰድ። ባለቤት ሁሉ ስለ ፌሮ ውፍረት ይጠይቃል፤ 12 ነው 14 ሚሊ ሜትር? ስለ ሽፋኑ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። መሬት ውስጥ ያለ ፉቲንግ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽፋን ይፈልጋል። ፌሮው መሬት ላይ ተጋድሞ አርማታ ቢፈስበት ግን ከታች በኩል ሽፋኑ ዜሮ ነው። ዋልካው እርጥበት ያጠጣዋል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጥና አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ይህ ሁሉ ጉዳት የሚቀረው በምን ነበር? ከፌሮው ሥር በሚቀመጥ፣ የቀን ሠራተኛ በትርፍ ሰዓቱ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በሚያበጃት ትንሽ እስፔሰር። መሠረቱ ከመሞላቱ በፊት የተነሳች አንድ ፎቶግራፍ እስፔሰሯ መኖሯን ታሳያለች። ከሞላ በኋላ ግን ማንም አያሳይም።

የኪዩብ ምርመራም እንዲሁ ነው። ከሚፈሰው አርማታ ላይ 15 በ15 በ15 ሴንቲ ሜትር ሳጥን ተሞልቶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ይሰበራል። ሲ-25 የተባለ አርማታ በ28 ቀኑ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን መሸከም ይጠበቅበታል። ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ ሳጥኑ የተሞላው ግን ሶሌታው ላይ ከፈሰሰው ወይስ ለናሙና ተብሎ ሲሚንቶ ከተጨመረበት? በዚህ ማጭበርበር ዙሪያ የሚወራውን ብጽፍ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። እኔ የምለው አጭር ነው፤ ናሙናው ሲወሰድ ባለቤቱ ወይም የሚያምነው ሰው እዚያው ይቁም።

ስለ ፎሳ፣ ማለትም ስለ መጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ አቃቂ ላይ አብዛኛው ክርክሬ በዚህ ነውና። የመደበኛው ንድፍ ሴፕቲክ ታንክ ሁለት ክፍል አለው፤ ዝቃጩ በመጀመሪያው ሰፊ ክፍል ይቀራል፣ የጠራው ወደ ሁለተኛው ያልፍና ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ይወጣል። ንድፉ ወረቀት ላይ ያምራል። ዋልካ ግን ውሃ አያሰርግም። በበጋ ስንጥቁ ውሃውን ስለሚውጠው ሁሉም ነገር የሠራ ይመስላል፤ ሐምሌ ሲመጣ ስንጥቁ ይዘጋና ማስረጊያው ሞልቶ ወደ ግቢ ይመለሳል፣ ከዚያም አልፎ ወደ መሠረቱ። በዚህ ላይ ለከተማው ነዋሪ የሚቀርበው የከርሰ ምድር ውሃ ትልቅ ክፍል የሚቀዳው ከአቃቂ የውሃ ጉድጓዶች ነው፤ በበጋ በስንጥቁ የሚሰርገው ፍሳሽ ለእነሱም ያሰጋል። በጥር ወር «ማስረጊያ ተሠርቷል» ብሎ ምልክት የሚያደርግ ሰው ምን እንደፈረመ ያውቃል ብዬ አላምንም። የእኔ ምክር፣ የፍሳሽ መስመር በሌለበት ሰፈር ታንኩን አስፍቶ ውሃ የማያሳልፍ አድርጎ መሥራት፣ ለመምጠጫ መኪና መድረሻ መተው ነው። ወጪው ይጨምራል፤ ባለቤቶቹ ይናደዱብኛል።

አሁን ደግሞ በሌላኛው ወገን ልቁም፤ ባለቤቱም እውነት አለውና። የቤት ኪራይ በየወሩ እየከፈለ፣ ለዘበኛ እየከፈለ፣ ለብድሩ ወለድ እየከፈለ ቤቱ ቆሞ ሲያየው ያንገበግበዋል። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው፣ ሲስተም የለም። ስለ እጅ መንሻ የምጨምረው የለኝም፤ አንባቢ ያውቀዋል። እናም ማታ አንድ ፍራሽ ይገባል፤ በሳምንቱ ቡፌ፤ በወሩ ልጆቹ አጠገቡ ትምህርት ቤት ተመዝግበዋል። ዘመድ «ቤት ለእንቦሳ!» እያለ ይገባል፣ ባለቤቶቹም «እንቦሳ እሰሩ» ብለው ይመልሳሉ፤ ከዚህ በኋላ የትኛው ባለሙያ ነው ውጡ የሚላቸው? ፎቅ የሚሠራው ደግሞ ከላይ ካሳፎርማ ሳይፈታ ታችኛውን ለሱቅ ያከራያል። በላይ አርማታ እየፈሰሰ በታች ማኪያቶ የሚጠጣበት ሕንፃ አይቻለሁ። ፈቃዱ ሲዘገይ ሕጉ ይናቃል፤ ሕጉ ሲናቅ ፈቃዱ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ቢሮዎቹ ፈጥነው ቢሠሩ ከማንኛውም ቅጣት በላይ ሰውን ያስታግሱ ነበር።

ወረቀት ብቻ መሆን ምን እንደሚያስከትል ቱርክ አሳይታለች። በእነሱ አቆጣጠር በ2018 ያለፈቃድ ወይም ከፈቃድ ውጭ ለተሠሩ ሕንፃዎች ክፍያ እየተቀበሉ ምዝገባ የሚሰጥ ምሕረት አወጁ፤ አመልካቹ በራሱ ቃል ያስመዘግባል፣ ኮለን የሚያይ መሐንዲስ አይላክም። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌሊት የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ በሀገሪቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። የወደቀው ሁሉ ምሕረት ያገኘ ነው ማለት አይደለም፤ ምሕረቱ ግን መታየት የነበረበትን ሳይታይ አሳለፈ። እኛም ሩቅ አይደለንም። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ከእንቅልፏ ቀስቅሷል። በማግስቱ ስልኬ አላርፍ አለ፤ ሁሉም «ስንጥቅ አየሁ» ይላል። ስንጥቁ የሌሊቱ ይሁን የበጋው መለየት የቻልኩት ቀድሞ በእርሳስ ቀን የተጻፈባቸው ግድግዳዎች ላይ ብቻ ነበር። ያ በጨርቅ የሚጠፋው ጽሑፍ ያን ዕለት ተፈለገ።

ኮንዶሚኒየም የደረሳቸውም የዚሁ ጉዳይ አካል ናቸው። በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦ፣ በኮዬ ፈጬ ብዙ ባለዕድል ቁልፍ ተረክቦ ውስጡን ራሱ ነው የጨረሰው። ሕንፃውን መንግሥት አሠርቶታልና ማን ይፈትሸዋል ይባላል። ነገር ግን በአንድ ብሎክ ውስጥ አንዱ ግድግዳ ያፈርሳል፣ ሌላው ወጥ ቤቱን ያዛውራል፣ ሦስተኛው ለቧንቧ ብሎ ሶሌታውን ይበሳል። የብሎኬት ግድግዳ ቢፈርስ ሕንፃው አይወድቅም፤ ኮለንና ቢም የነካ ግን የጎረቤቱን ጣሪያ ነክቷል። ቢያንስ ፌሮ ብልጭ ሲል ሥራውን አቁሙ፣ ባለሙያ ጥሩ።

በዋልካ ላይ ቤት እየሠራችሁ ከሆነ፣ ሕጉ የመጠቀሚያ ፈቃድ ባያስገድዳችሁም እነዚህን አድርጉ። ቁፋሮው ሲያልቅ፣ ፌሮው ሲታሰር፣ ካሳፎርማው ሲፈታ፣ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመሩ ሳይለሰን ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶግራፍ አንሡ። የገረጋንቲውን ደረሰኝ፣ የኪዩቡን ውጤት፣ በሥራ ላይ የተለወጠው ሁሉ የተሠራበትን የመጨረሻ ፕላን ከካርታው ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡ። ቸኩላችሁ አትለስኑ፤ መሐንዲሱ አንድ ቀን ከዘገየ አንድ ቀን ጠብቁት። ቤቱን ነገ ስትሸጡት ወይም ፎቅ ልጨምር ስትሉ የሚመጣው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንኑ ፋይል ነው።